የአንድ ሥር ሁለት ስም

ይፍቱሥራ አጥናፍሰገድ በቆቅ ሜዳ የዕፅዋት ስም ማረጋገጫ ጣቢያ በሠራባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በሥራ ቀን ቁርሱን ቤቱ በልቶ አያውቅም። ነጭ ሽንኩርት የነካ፣ ቅቤ የተቀባ፣ ሽታ ባለው ሳሙና የታጠበ ሰው በጣቢያው በር አያልፍም። ስለዚህ ማልዶ ይነሣና በባዶ ውኃ ይታጠባል፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠውን ግራጫ ካፖርት ይደርባል፤ ዳገቱን ሃያ ደቂቃ ወጥቶ በሩ ላይ ሦስት ብልቃጥ ያሸታል። አንዱ የጦስኝን ሽታ የሚሰጠው ታይሞል ነው፤ አንዱ የበሶብላን ሽታ የሚሰጠው ሊናሎል፤ አንዱ ምንም የሌለበት ውኃ። የብልቃጦቹ ቦታ በየቀኑ ይቀያየራል። ሦስቱን በትክክል ከለየ በሩ ይከፈታል፤ አፍንጫው ለዚያ ቀን ሕጋዊ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ደረቅ ዳቦ ይሰጡታል።

የሥራ መጠሪያው «የመዓዛ አረጋጋጭ» ነበር። የአገሩ ሰው ግን እንደ ውሻ «አነፍናፊው» ይለዋል። መጀመሪያ መጀመሪያ ይከፋው ነበር፤ ኋላ ለመደው።

የስም አዋጅ የወጣው እሱ ገና ተማሪ ሳለ ነው። በዚያ ዘመን ገበያው በሐሰተኛ ቅመም ተጥለቅልቆ ነበር። ኮረሪማ ነው ተብሎ የተፈጨ እንጨት፣ በሶብላ ነው ተብሎ ቀለም የተነከረ ገለባ ይሸጥ ነበር። በአንድ ክረምት ጤና አዳም ነው የተባለ ቅጠል ብዙ ሰው አሳመመ፤ የሞቱም ነበሩ። ከሞቱት አንዷ የይፍቱሥራ የአክስት ልጅ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ቅጠል ስሙን የሚያገኘው በመልኩ ወይም ሰው በሚጠራው ሳይሆን በውስጡ ባለው ነገር ሆነ። በዘይቱ ውስጥ የትኛው ንጥረ ነገር ከመቶ ስንት እጅ እንዳለ ይለካል። ልኩ በመዝገብ ካለው ከገጠመ ስም ይሰጠዋል፤ ካልገጠመ «ስም የለሽ» ይባላል። ስም የለሽ ቅጠል አይሸጥም፣ አይቀቀልም፣ ለታመመ አይሰጥም፣ በቤትም አይቀመጥም፤ እዚያው ይቃጠላል። ሦስት ጊዜ ስም የለሽ በወጣበት መሬት ላይ ያለው ተክል ደግሞ ይነቀልና ጣቢያው ያፈላው ችግኝ ይተከልበታል። ይፍቱሥራ ሕጉን ጠልቶት አያውቅም። የአክስቱ ልጅ ስትቀበር ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ሥራው ከባድ አልነበረም። ባለቅጠሉ እስሩን ሳሕኑ ላይ ያስቀምጣል። ሰው ሁሉ «መዛኙ» የሚለው መሣሪያ ለጥቂት ጊዜ ያጉረመርምና ተራራና ሸለቆ የመሰለ መስመር ይስላል፤ እያንዳንዱ ጫፍ አንድ ንጥረ ነገር ነው። ከመስመሩ ሥር ስም ይወጣል። ከዚያ ይፍቱሥራ ቅጠሉን በጣቱ ፈትጎ ያሸትና አውራ ጣቱን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋል። ያለ እሱ አውራ ጣት ፋይሉ አይዘጋም፤ አዋጁ ሲወጣ ሰዎች «ማሽን ብቻውን አይፍረድብን» ብለው ስለነበር የተጨመረ አንቀጽ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሱና መዛኙ ያልተስማሙት አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አሥራ አንዱንም ጊዜ ማሽኑ እንዳለው ፈርሟል።

በኅዳር ሁለተኛው ረቡዕ ወይዘሮ አጸደ ወልደየስ ጦስኝ ይዛ መጣች። ከገደሉ አፋፍ ሥር የምትኖር፣ ስድሳውን ያለፈች፣ ረዥም፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። እሷ የምታመጣውን ጦስኝ ሰው ለሻይ ይወስደዋል፤ ደረቱ የታፈነም አፍልቶ ይጠጣዋል። ጆንያዋን አውርዳ አንድ እስር መዘዘችና ሳሕኑ ላይ አኖረችው። መዛኙ መስመሩን ሣለ። ካርቫክሮል የተባለው ንጥረ ነገር ከመቶ ሃምሳ ሁለት እጅ፤ ታይሞል አሥራ አራት። መዝገቡ ደግሞ ጦስኝ ለመባል ታይሞሉ ከሠላሳ ስምንት እጅ እንዳያንስ ይላል። ስክሪኑ ቀላ፦ ስም የለሽ፤ ሦስተኛ ጊዜ።

ይፍቱሥራ ቅጠሉን ፈተገና አሸተተ። መጀመሪያ አፍንጫን የሚወጋ ስለት መጣ፤ ቀጥሎ ጉሮሮ ድረስ የሚወርድ ሙቀት፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ዝናብ የነካው ድንጋይ የመሰለ፣ በመዝገብ ስም የሌለው ነገር። ጦስኝ ነው። እንዲያውም በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ አላሸተተም። አውራ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ወስዶ በአየር ላይ አቆመው።

ስክሪኑ ወደ ባለጉዳዩ አይዞርምና ወይዘሮ አጸደ ጠየቀችው። «ምን አለ?»

«ስም የለሽ ይላል፣ እትዬ አጸደ።»

«እሱንማ ሁለቴ ተብያለሁ። እኔ የምልህ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከኋላዋ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተሰልፎ ቆሟል። መዛኙ «አረጋጋጭ ይፈርሙ» የሚለውን ድምፁን ደጋገመ።

«ጦስኝ ነው» አለ።

«እንግዲያ ያልኸውን ጻፍ።»

እጁን ከሰሌዳው መለሰ። ሰልፉ ቆመ።

የጣቢያው ኃላፊ ሳምራዊት ከቢሮዋ ወጣች። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ኬሚስትሪ አጥንታ ከከተማ የተላከች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ልጅ። ወደ ጎን ጠራችውና መስመሩ ግልጽ እንደሆነ፣ ጫፎቹም እንዳልተዛነፉ ነገረችው። እሱም ጫፎቹን እንዳየ፣ ግን ቅጠሉ ጦስኝ እንደሆነ መለሰላት። ትንሽ አሰበችና ሕጉ አንድ መንገድ እንደሚፈቅድ ነገረችው። የልዩነት ማመልከቻ የሚባል ቅጽ አለ፤ አረጋጋጩ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሞልቶ ካስገባ ጉዳዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እስከዚያ ተክሉ አይነቀልም። አርባ ሁለት ገጽ ነው። በጣቢያው ታሪክ እስከ መጨረሻው የሞላው ሰው የለም።

«ለምን አልሞሉትም?» አላት።

«ሲጀምሩት ይገባዎታል፣ ጋሽ ይፍቱ።»

ገባውም። በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ቅጹ ፊት ተቀመጠ። ስምንተኛው ጥያቄ ድረስ በደህና ሄደ። ዘጠነኛው «የተሰማዎትን ሽታ በመቶኛ ይግለጹ» ይላል። «ጦስኝ ጦስኝ ይላል» ብሎ ጻፈ። ቅጹ «ቃል አይቀበልም» አለው። መቶ ብሎ ጻፈ። «ንጥረ ነገሩን ይጥቀሱ» አለው። ድንጋዩን፣ ዝናቡን፣ የሙቀቱን አወራረድ ምን ቁጥር ይስጠው? በግምት ቁጥር እየሰጠ ወደ አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ደረሰ፦ «ከመዛኙ ጋር ካልተስማሙ፣ የተሳሳተው የትኛው ነው?» ምርጫው ሁለት ነው፤ «አፍንጫዬ» እና «ሌላ»። «ሌላ» የሚለውን ሲነካው ቅጹ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። የጻፈው ሁሉ ጠፍቷል።

አራት ቀን እንዲሁ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ ተነሣና ግድግዳውን በጡጫው መታው። ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ግድግዳ የሚመታ ሰው አልነበረም። እጁ አብጦ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሙሉመቤት ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክራ ጠቀለለችለት። ወጡ ደርሶ ነበር፤ እንደ ሁሉም ቤት ሳምንቱ ሲጀምር በሚታደሉት የታሸጉ ጠብታዎች የተቀመመ ነው። የበሶብላው ጠብታ ሦስት ንጥረ ነገር አለው፣ የኮሰረቱ ሁለት። በቅጠሉ ውስጥ ስድሳና ሰባ ያህል እንዳሉ ይፍቱሥራ ያውቃል፤ አብዛኞቹ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞሉ ናቸው። በልቶ ግን ስለ ወጡ ምንም ብሎ አያውቅም። የምትሠራው እሷ ናት፤ ጠብታውን የመረጠችው እሷ አይደለችም።

«አሥራ አንድ ጊዜ ፈርመህ» አለችው ሙሉመቤት ጨርቁን እያጠበቀች «አሥራ ሁለተኛው ላይ ምን መጣብህ?»

ከዚያ በፊት በነበሩት ሁሉ ትንሽ ጥርጣሬ ነበረው፤ ምናልባት ጉንፋን ይዞኝ ይሆናል፣ ምናልባት ማሽኑ ያየው እኔ ያላሸተትሁት ነገር ይኖራል ይል ነበር። በዚህኛው ግን አልተጠራጠረም። ቀስ ብሎ ይህንኑ ነገራት። ሙሉመቤት እሑድ ጠዋት ስንቅ ቋጥራ ሰጠችው።

ወደ ገደሉ አፋፍ ወረደ። የወይዘሮ አጸደ ተዳፋት ከላይ ጉም የሚነካው፣ ከታች ፀሐይ የሚያቃጥለው ሰፊ ገመገም ነው። በልጅነቷ ጉሙ እስከ ታችኛው ቋጥኝ ይወርድ እንደነበር ነገረችው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ሸሸ፤ አሁን ጥር ሲገባ ከቤቷ ጣሪያ በላይ ነው የሚቀረው።

«ሰዉም ከብቱም ተከትሎት ሽቅብ ወጣ» አለች። «ቅጠሉ የሚሸሽበት እግር የለውም። ውስጡን ለወጠ።»

ከዚያ ወደ አንድ ያረጀ የጦስኝ ቁጥቋጦ ወሰደችው። ከሃያ ዓመት በፊት አንዱን ትልቅ ሥር ለሁለት ገምሳ፣ ግማሹን ላይ ከጉሙ ሥር፣ ግማሹን ታች ከቋጥኙ አጠገብ የተከለችው ራሷ ናት። ያኔ እንዲያው የትኛው ይጸድቅ ይሆን ብላ ነበር። ሁለቱም ጸደቁ። ይፍቱሥራ ከላይኛው ቆረጠ፤ ወርዶ ከታችኛው ቆረጠ፤ በተለያየ ጨርቅ ጠቀለላቸው። መንገዱን ሲመለስ ደረቱ ላይ እንደያዛቸው ነበር።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሳምራዊትን ለመናት። ያለ ባለጉዳይ መዛኙን ማስነሣት ክልክል ነው። በሩን አየት አድርጋ ማሽኑን ከፈተችለት። የላይኛው እስር፦ ጦስኝ። የታችኛው፦ ስም የለሽ። ሳምራዊት ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አድርጋ አየቻቸው። አንደኛው ላይ ረዥሙ ጫፍ በሌላኛው ላይ አጭር ሆኗል፤ ቦታቸውን የተለዋወጡ መንትዮች ይመስላሉ። ከአንድ ሥር የተገመሱ መሆናቸውን ሲነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ኮሌጅ ተምረነዋል» አለች። «ያው ተክል በሙቀት፣ በከፍታ፣ በአፈር ይለያያል። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር። ትክክል መልሻለሁ።»

«ታዲያ እዚህ?»

«እዚህ ማንም አልጠየቀኝም።»

ቅጹን አብረው ሞሉት። እሱ ያሸተተውን ይነግራታል፤ እሷ ቅጹ በሚቀበለው ቁጥር ትቀይረዋለች። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ ሳምራዊት ከሁለቱ ምርጫዎች አንዱንም ሳትነካ በኃላፊ ፈቃድ አለፈችው። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት አርባ ሁለቱ ገጽ ከነሁለቱ መስመሮች ተላከ።

ዋናው መሥሪያ ቤት በአራተኛው ቀን ይፍቱሥራን ጠራው። ሁለት ቀን ሙሉ በነጭ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው አፍንጫውን መረመሩት። መቶ ሃምሳ ብልቃጥ አሸተተ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ጉዳዩን የያዘው ሹም አስገባው። ብርሃነመስቀል ይባላል፤ ጨዋና የደከመው ሰው ነው፤ ወንበር አቅርቦለት ውኃ ቀዳለት።

የምርመራው ውጤት ጥሩ ዜና እንዳልሆነ ነገረው። አፍንጫው አልተበላሸም፤ ከተፈቀደው በላይ ነው። መዛኙ ከአንድ ልክ በታች ያለውን ነገር እንደሌለ ይቆጥረዋል፤ የይፍቱሥራ አፍንጫ ግን ከዚያ ልክ በታች ያሉትን ስምንት ነገሮች ለይቷል። በሕግ የሌሉ ነገሮችን አሽትቷል ማለት ነው።

«ታዲያ አሉ ወይስ የሉም?» አለ ይፍቱሥራ።

«አሉ። አይቆጠሩም።»

ይፍቱሥራ የአንዱን ሥር ሁለት እስሮች ነገር አነሣ። ብርሃነመስቀል ፋይሉን እንዳነበበው፣ ማስረጃውም የማያሻማ እንደሆነ አልካደም። ችግሩ ሌላ ነው። በመዝገቡ አንድ ስም አንድ ልክ ብቻ ነው የሚይዘው። ቦታው አንድ ነው፤ ሲሠራ እንዲሁ ተሠራ፤ ሁለተኛ ልክ የሚጻፍበት የለውም። ይፍቱሥራ ታዲያ ቦታ ጨምሩለት አለ። ብርሃነመስቀል ይህ በእሱ ሥልጣን እንዳልሆነ፣ የማን ሥልጣን እንደሆነም ስድስት ዓመት ጠይቆ እንዳላገኘ ነገረው። ሲናገር የሚያላግጥ አይመስልም ነበር። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረበለት።

«የቀረበልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ አቶ ይፍቱሥራ። የወይዘሮ አጸደ ቅጠል ጦስኝ ነው ወይስ አይደለም?»

«ነው።»

«እንግዲያው ይፈርሙ።»

ፈረመ። በመኪናው መስኮት የሚያልፈውን ሜዳ እያየ ሲመለስ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀሎት አያውቅም። ለሙሉመቤት ነገራት፤ እሷም «እጅህን ያሳበጠው ግድግዳ ብድሩን አገኘ» አለችና ሳቀች።

የታኅሣሥ የመጀመሪያው ረቡዕ ሰልፉ ረዥም ነበር፤ አርባ አንድ ሰው፣ ሁሉም ጦስኝ ይዟል፤ አበባው የሚያልቅበት ጊዜ ስለሆነ ሰው የመጨረሻውን አጨዳ የሚያመጣው ያኔ ነው። ወይዘሮ አጸደ ከፊት ነበረች። እስሯን ሳሕኑ ላይ አኖረች። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፦ ጦስኝ። ይፍቱሥራ አሸተተ፤ አውራ ጣቱን አሳረፈ። መዛኙ የስም ካርዷን አወጣላት። ሰልፉ ውስጥ ያሉት አጨበጨቡላት፤ ከእሷ ጋር የደከሙ ይመስል ነበር።

ቀጥሎ የላይኛው ቀበሌው አቶ ደምሰው ቀረበ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ ቀይ ያልበራበት ሰው ነው። መዛኙ አጉረመረመ። ስም የለሽ።

ይፍቱሥራ ማሽኑ የተሳሳተ መስሎት ደገመው። ስም የለሽ። ሦስተኛውን ሰው ጠራ፤ አራተኛውን፤ አምስተኛውን። ሁሉም ቀይ ነው። ሳምራዊት መጥታ መዝገቡን ከፈተችና ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት። ጦስኝ በሚለው ስም ሥር የነበረው ልክ የለም። በቦታው የወይዘሮ አጸደ የታችኛው እስር ልክ ገብቷል። ካርቫክሮል ከአርባ አምስት እጅ እንዳያንስ። ከግርጌው የፈረመው ሰው ስም ተጽፏል፦ ይፍቱሥራ አጥናፍሰገድ።

ወረቀቱ ምን እንደነበረ ያኔ ገባው። የወይዘሮ አጸደን ቅጠል አስገብቶ የአርባውን ሰው አስወጥቷል። የሳሕኑን ጠርዝ ያዘ። ለሰዎቹ ሁኔታውን ማስረዳት ነበረበትና አስረዳቸው፤ የራሱን ፊርማ ሳይደብቅ። ማንም አልጮኸበትም። አንድ ነገር ቢወረውሩበት ይሻለው ነበር። አቶ ደምሰው ብቻ ጆንያውን እንደታቀፈ ወደ ወይዘሮ አጸደ ዞረና አያት፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

ወይዘሮ አጸደ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ተመለሰች። የስም ካርዱን ሳሕኑ ላይ አስቀመጠችና ጆንያዋን ከአቶ ደምሰው ጆንያ አጠገብ አወረደች።

«የእኔ ጦስኝ ከሆነ የእነሱም ጦስኝ ነው» አለችው። «የእነሱ ካልሆነ የእኔም አይደለም። ይህን የምትጽፍበት ቦታ አለህ?»

«የለኝም፣ እትዬ አጸደ።»

«እንግዲያ ምንም አትጻፍ።»

ይፍቱሥራ እጁን ካፖርቱ ኪስ ከተተ። መዛኙ «አረጋጋጭ ይፈርሙ» አለ። አልፈረመም። ደገመ፤ አልፈረመም። ሳምራዊት የአዋጁን ጥራዝ ከቢሮዋ አምጥታ ቆማ ገለጠችው። ከዚያ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች፤ አረጋጋጭ ያልፈረመበት ቅጠል ውሳኔ እንዳልተሰጠበት ይቆጠራል፣ ውሳኔ ያልተሰጠበት ቅጠል የባለቤቱ ነው። ጥራዙን ዘጋችና ቅጠላቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ጆንያ መነሣት ጀመረ።

ይፍቱሥራ ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን እንደወትሮው ማልዶ መጣ። ሦስቱን ብልቃጥ ያሸታል፣ ይለያል፣ በሩ ይከፈትለታል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ አይፈርምም። ዋናው መሥሪያ ቤት በየቀኑ ይደውላል። ሳምራዊት አረጋጋጩ በሥራ ገበታው ላይ እንዳለ ትመልሳለች፤ ውሸት አልነበረም። እሱን ለማገድ የሚሞላውም ቅጽ ብዙ ገጽ እንደነበረው ኋላ ላይ ሰማ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። የአውራ ጣቱ አንቀጽ ተሽሯል፤ ከእንግዲህ መዛኙ ብቻውን ይወስናል። የመዓዛ አረጋጋጭ የሚባል የሥራ መደብ የለም። ጦስኝ የሚለው ስም ደግሞ በልኩ ላይ ክርክር ስለተነሣ ከመዝገብ ወጥቷል፤ ያለው ተክል ሁሉ ተነቅሎ አንድ ወጥ ችግኝ ይተከላል። ይፍቱሥራ ካፖርቱን አጣጥፎ መለሰ። የዚያን ቀን ከጣቢያው ሲወጣ ሳምራዊት እስከ በሩ ሸኘችው።

ነቃዮቹ በሳምንቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ወረዱ። ስምንት ሰዎች ነበሩ፤ ይፍቱሥራ ቀድሟቸው ደርሶ ከወይዘሮ አጸደ ጋር ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጧል። ማገድ እንደማይችል ያውቅ ነበር፤ ብቻዋን እንዳታየው ብሎ ነው የመጣው። ሥራው እስከ ቀትር ወሰደ። ከላይ ከጉሙ ሥር ጀምረው እስከ ቋጥኙ ወረዱ። ሃያ ዓመት የቆዩትን ሁለቱን ቁጥቋጦዎችም ነቀሉ። ወይዘሮ አጸደ አላለቀሰችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትመለከት ነበር። የተነቀለው ተከምሮ ሲቃጠል ሽታው ሸለቆውን ሞላውና ነቃዮቹ ራሳቸው ለአፍታ ሥራቸውን አቁመው ቆሙ።

ጭሱ ፈጽሞ ከጠራ በኋላ አለቃቸው የእጅ መዛኝ አወጣ። መመሪያው አፈሩም ይመርመር ይላል፤ ዘር ከወደቀ መሬቱ ለአምስት ዓመት ይታሸጋል፣ በየዓመቱም ይገለበጣል። አፍላ ጎበዝ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ይመስላል። መሣሪያውን በአፈሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረ። ስክሪኑ ምንም ጫፍ የሌለው ቀጥ ያለ መስመር ሣለ። ደግሞ ሞከረ፤ ቀጥ ያለ መስመር። የጣቢያውን የቀድሞ አረጋጋጭ አይቶት ነበርና ጠራው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይሸትዎታል?»

ይፍቱሥራ ተነሥቶ ወረደ። ተንበርክኮ ከአፈሩ አንድ እፍኝ ዘገነ። በአፈሩ ውስጥ ቡናማ፣ ክብ፣ ከአሸዋ የማይለይ ነገር ነበር፤ በዚያ እፍኝ ብቻ ምናልባት መቶ ይሆናል። አበባው ደርቆ ዘሩ የረገፈው የጣቢያው ሥራ ቆሞ በነበረበት በአሥራ ሁለቱ ቀን ነው። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ረዥም ጊዜ ሳበ። የጦስኝ ሽታ ያለው በቅጠሉና በአበባው ነው፤ ዘሩ ውስጥ ታይሞልም የለ፣ ካርቫክሮልም የለ።

«ምንም አይሸተኝም» አለ። እውነቱን ነበር።

አለቃው አመስግኖት መዝገቡ ላይ «ባዶ» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አጸደም እንድትፈርም ወረቀቱን ሰጣት። ፈረመች። ከዚያ ነቃዮቹ ዕቃቸውን ሸክፈው ተዳፋቱን በመሐል አቋርጠው ሊወጡ ሲሉ ቀድማቸው ቆመችና፣ መንገዱ ይሻላቸዋል ብላ፣ አፈሩን ሳታስረግጥ ስምንቱንም በጠርዝ በጠርዙ ይዛቸው ወጣች።